ጋውስም ተሳስቶ ነበር



ልጄ ሒሳብ ያውቃል፤ ግን 7ን 1 ብሎ ገልብጦ በፈተናው ነጥብ ተቀነሰበት። እንዳኮረፈ አብረን ዴር ሡልጣን ወጣን። መነኮሳቱ ፋሲካቸውን በባሕረ ሐሳብ አስልተው እንደሚያወጡ ስነግረው ጋውስ ትዝ አለኝ፤ ታሪኩን አጫወትኩት።

ካርል ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1777 በጀርመን አገር ከድኃ ቤተሰብ ተወለደ። በ3 ዓመቱ አባቱ ደመወዝ ሲደምር የሳተውን አረመ ይባላል፤ እኔ እንኳ እንጃ! በ1800 የክርስቲያኖች ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ማውጫ ቀመር አሳተመ፤ በ1802 የእኛን የፔሳሕንም ጨመረ። ታዲያ በፊተኛው ቀመር አንዲት ማካፈል ተሳስቶ ኖሯል። ቲትል የሚባል ተማሪው አገኘበት። ጋውስ አላፈረም፤ በ1816 እርማቱን አሳተመ፣ ተማሪውንም አመሰገነ። በ1855 ሞተ።

ማታ ልጄ የቤት ሥራውን ከላይ ወደ ታች ደመረ፤ ሳልነግረው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ደመረው። አንድ ስህተት አገኘ።