የሁለት ዶላሩ ጥፋተኛ

ባለፈው ሰሞን ከወደ ሜሪላንድ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ታናሽ እህቴ ነች። የዘመድ አዝማዱን ደኅንነትና የኑሮ ውድነቱን እንደ ደንቡ ካዳረስን በኋላ ስልኩን ለልጇ አቀበለችው። ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ የ20 ዓመት ወጣት ነው። አማርኛው ይሰባበራል፤ ጋሼ ማለቱን ግን አልረሳም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የ5 ሺህ ሜትር ሯጭ ሆኖ በስኮላርሺፕ ይማራል። (እናቱ ስታወራለት የሰማ ሰው ኦሊምፒክ አሸንፎ የተመለሰ ነው የሚመስለው።)

ልጁ ግን የደስታ ወሬ አልነበረውም። አሠልጣኙ ቢሮው ጠርቶ በመጪው ዓመት የሯጮች ቁጥር እንደሚቀነስ፣ የእሱም ቦታ አስተማማኝ እንዳልሆነ ነግሮታል። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ወዴት ሄደ ቢባል ወደ ፉትቦል! እኛ ኳስ ጨዋታ የምንለውን ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖቹ የብረት ቁር የመሰለ ነገር ደፍተው፣ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጃቸው ይዘው እንደ ወይፈን የሚላተሙበትን ነው። የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች ከዩኒቨርሲቲዎቻቸው በቀጥታ ክፍያ ማግኘት ጀምረዋል። ስለዚህ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላው ስፖርት እየቀነሱ ነው። ልጁ በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ አቀረበልኝ። ጋሼ አንተ ሕግ ተምረሃል፣ ይህ ፍትሕ ነው ወይ አለኝ።

እኔም እንደ ማንኛውም መልስ እንዳጣ የሕግ ሰው መዝገቡን አይቼ እመለስልሃለሁ አልኩት። (ቀጠሮ መስጠት ለምዶብን የለ!) መዝገቡን ሳገላብጥ ግን ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ሰው ላይ ደረስኩ። ጂም ቶርፕ ይባላል። ታሪኩን ሳላጫውታችሁ ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ቶርፕ በ1887 ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው፣ ያኔ ግን የሕንዶች ግዛት ተብሎ በሚጠራው ምድር ተወለደ። ወገኖቹ ሳክና ፎክስ የሚባሉት፣ አሜሪካ አሜሪካ ከመባሏ በፊት የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። እኛ በልማድ ቀይ ሕንዶች ከምንላቸው ወገን መሆናቸው ነው። በቋንቋቸው ያወጡለት ስም ብሩህ መንገድ እንደ ማለት ነው። መንገዱ ግን ከመነሻው ጨለማ የበዛበት ነበር። መንታ ወንድሙ በልጅነቱ ተቀጠፈ። እናቱም ልጇ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አረፈች። ልጁ ከሚያስገቡት ትምህርት ቤት ሁሉ የሚኮበልል ሆነ። በ1904 ከአገሩ እጅግ ርቆ፣ ፔንሲልቬኒያ ወደሚገኘው የካርላይል የሕንዶች ትምህርት ቤት ተላከ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ጥቂት ማለት የግድ ነው። በ1879 ሪቻርድ ፕራት በተባለ የጦር መኮንን፣ በአሮጌ የጦር ሰፈር ውስጥ የተከፈተ ነበር። ዓላማው የነባሮቹን ሕዝቦች ልጆች ከወገናቸው ነጥሎ ነጭ አድርጎ ማውጣት ነው። ልጆቹ እንደ ደረሱ ጸጉራቸው ይቆረጣል፣ ስማቸው ይለወጣል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መናገር ይከለከላሉ። በበሽታ ከሞቱት ብዙዎቹ እዚያው ተቀብረዋል። የሚገርመው ታዲያ ከዚህ ግቢ የወጣ የፉትቦል ቡድን የታላላቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ወገብ መስበሩ ነው።

ቶርፕ ስፖርት የጀመረበት አጋጣሚ እንደ ተረት ይወራል። በ1907 አንድ ቀን በግቢው ሲያልፍ ከፍታ ዘላዮች ሲቸገሩ አየ። የለበሰውን ልብስ እንኳ ሳይቀይር ዘሎ አለፋቸው። ወሬው ፖፕ ዋርነር ከሚባለው ዝነኛ አሠልጣኝ ጆሮ ደረሰ። ዋርነር ልጁን ለአትሌቲክስ ፈለገው እንጂ ወደ ፉትቦሉ ሊያስገባው አልቸኮለም ነበር፤ እንዳይሰበርበት ፈርቶ። ልጁ ግን እምቢ አለ።

የአሠልጣኙ ፍርሃት መሠረተ ቢስ አልነበረም። ዛሬ የኮሌጅ ፉትቦል ዕጣ ፈንታ አደጋ ላይ ወድቋል ሲባል አዲስ ነገር ለሚመስለን ሰዎች፣ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በ1905 የውድድር ዘመን ብቻ 18 ያህል ወጣቶች በዚህ ጨዋታ መሞታቸውን የዘመኑ ጋዜጣ ቆጥሮ ነበር። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ድረስ ጠርቶ አነጋገረ። ኮሎምቢያ ጨዋታውን አቋረጠ፤ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ወደ ራግቢ ዞሩ። በማግስቱ ዓመት ኳሱን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም ማኅበር አቋቋሙ። ከ1910 ጀምሮ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ እየተባለ የሚጠራው ያ ማኅበር ነው። እንግዲህ ማኅበሩ የተወለደው የተጫዋቾችን ሕይወት ለማትረፍ ነበር ማለት ነው። ኋላ ላይ ግን ዋናው ሥራው ተጫዋቾች ሳንቲም እንዳይነኩ መጠበቅ ሆነ።

ወደ ቶርፕ እንመለስ። በ1911 ካርላይል ሃርቫርድን 18 ለ 15 ሲያሸንፍ አራት ጊዜ ኳሷን በእግሩ ለግቶ ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነው። በ1912 ደግሞ የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚን ቡድን 27 ለ 6 ረቱ። የነባሮቹ ሕዝቦች ልጆች ከአሜሪካ ጦር ጋር በሜዳ ሲገናኙ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። በዚያ ቀን ቶርፕን ጎትተው ለመጣል ሲታገሉ ከዋሉት ዕጩ መኮንኖች አንዱ ድዋይት አይዘንሃወር ይባል ነበር። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው!

በዚያው በ1912 በጋ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ 48 ዓመት ቀድሞ፣ ቶርፕ ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ላይ ነበር። በፔንታትሎን ወርቅ አገኘ። አሥር ውድድሮችን በያዘው ዴካትሎንም ወርቅ አገኘ። ጫማው ጠፍቶበት ከዚህም ከዚያም የተገኙ የማይመሳሰሉ ጫማዎች አድርጎ ተወዳደረ ይባላል። የስዊድን ንጉሥ በእጃቸው ሸለሙት። ኒውዮርክ ሲመለስ በሰልፍና በዕልልታ ተቀበሉት። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን ከነባሮቹ ሕዝቦች ብዙዎቹ በገዛ ምድራቸው የአሜሪካ ዜግነት አልነበራቸውም። ሁሉንም ዜጋ ያደረገው ሕግ የወጣው በ1924 ነው።

ደስታው ዓመት አልሞላም። በጥር 1913 አንድ ጋዜጣ ቶርፕ በ1909 እና በ1910 በኖርዝ ካሮላይና በቤዝቦል ክለቦች ተከፍሎት መጫወቱን አወጣ። የተከፈለው ለአንድ ጨዋታ ከ2 ዶላር ጀምሮ፣ ቢበዛ በሳምንት 35 ዶላር ነው ይባላል። የዘመኑ ደንብ ደግሞ ኦሊምፒክ ለአማተር ብቻ ነው ይል ነበር። በስፖርት አንዲት ሳንቲም የበላ አማተር አይደለም። (ደንቡን ያወጡት ለእንጀራቸው የማያስቡ ባለጸጎች መሆናቸውን አንርሳ።) በበጋ ዕረፍት በሐሰት ስም ቤዝቦል እየተጫወቱ የኪስ ገንዘብ የሚያገኙ የኮሌጅ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። የቶርፕ ጥፋት በገዛ ስሙ መጫወቱ ነው። ተንኮል አያውቅማ!

በስሙ ደብዳቤ ተጻፈ። አላዋቂ የሕንድ ልጅ ነኝና ይቅር በሉኝ የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ። የብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ከጀርባው የአሠልጣኙ እጅ አለ የሚል ነው። አሠልጣኙም የትምህርት ቤቱ ኃላፊም ምንም አናውቅም አሉ። ሜዳሊያዎቹ ተነጠቁ፣ ስሙም ከመዝገብ ተፋቀ።

እዚህ ላይ የሕግ ሰውነቴ አላስችል ይለኛል። በውድድሩ ደንብ መሠረት በአንድ ተወዳዳሪ አማተርነት ላይ ተቃውሞ የሚቀርበው ጨዋታዎቹ በተዘጉ በ30 ቀናት ውስጥ ነው። በቶርፕ ላይ ነገሩ የተነሳው ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ነው። በእኛ ቋንቋ ጉዳዩ በይርጋ ታግዶ ነበር። የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ እንኳ የሚያነሳውን መቃወሚያ የሚያነሳለት ጠበቃ ግን አልነበረም። በሕግ አምላክ ብሎ የሚያስቆም አንድ ሰው ጠፋ!

ይሁንና ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ቶርፕ በ2 ዶላር ሲፈረድበት፣ የካርላይል ቡድን በየከተማው እየዞረ ስታዲየም እየሞላ የመግቢያ ገቢውን ይካፈል ነበር። በ1914 የአሜሪካ ኮንግረስ ሰዎች መጥተው የዚያን የስፖርት ገንዘብ አያያዝ መረመሩ። ዋርነር ወደ ፒትስበርግ ሄዶ ዝናውን ቀጠለ። ትምህርት ቤቱ በ1918 ተዘጋ። በኦሊምፒኩ ጉዳይ የተቀጣው ግን ተጫዋቹ ነው።

ቶርፕ ከዚያ በኋላ በይፋ ለእንጀራው መጫወት ያዘ። ከ1913 እስከ 1919 በትልልቅ የቤዝቦል ክለቦች ተጫወተ። በ1915 ካንተን ቡልዶግስ የተባለ የፉትቦል ክለብ ለአንድ ጨዋታ 250 ዶላር ከፈለው። በ1920 የፉትቦል ክለቦች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ሆነ። ያ ማኅበር ነው ከ1922 ጀምሮ ኤን.ኤፍ.ኤል የተባለው፣ ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያንቀሳቅሰው። መሥራቹ ግን በ1928 ጫማውን ሲሰቅል ጡረታ የሚባል ነገር አልጠበቀውም። የቀን ሠራተኛ ሆኖ ቦይ ቆፈረ። በሆሊውድ ፊልሞች ውስጥ ጥቃቅን ቦታ እየተሰጠው ሠራ። የመጠጥ ችግርም ነበረበት። በ1950 የአሜሪካ ጋዜጠኞች የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ታላቅ ስፖርተኛ ብለው መረጡት፤ ምርጫው ግን እንጀራ አልሆነም። መጋቢት 28 ቀን 1953 በካሊፎርኒያ አረፈ።

አስከሬኑም አላረፈም። በኦክላሆማ ወገኖቹ በባህላቸው ሊቀብሩት ሥርዓቱን እየፈጸሙ ሳለ ሦስተኛ ሚስቱ አስከሬኑን ወሰደች። በፔንሲልቬኒያ የሚገኙ ሁለት የከሰሩ ጎረቤታሞች ከተሞች በ1954 ተዋሕደው ስማቸውን ጂም ቶርፕ አሉ፣ አስከሬኑንም ተቀብለው ሐውልት ሠሩለት። ቱሪስት ይስብልናል ብለው ነው። በሕይወቱ ያልኖረበት ከተማ! ልጆቹ የነባር ሕዝቦችን አጽም ማስመለሻ የሆነውን የ1990 ሕግ ይዘው በ2010 ክስ ተጀመረ። በ2013 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በ2014 ፊላዴልፊያ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ አልወጣም ብሎ ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 ጉዳዩን ሳያይ ተወው። ሰውየው ዛሬም እዚያው ነው።

ሜዳሊያውስ? በ1982 የኦሊምፒክ ኮሚቴው ለመመለስ ወሰነ። በጥር 1983 አምሳያዎቹ ለልጆቹ ተሰጡ። ያኔም ግን ከሌሎቹ ጋር በጣምራ አሸናፊ ነው የተባለው። ብቸኛው አሸናፊ መሆኑ የታወጀው በሐምሌ 2022 ነው። ከ110 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ አበው።

የቶርፕ ጉዳይ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእህቴ ልጅ ባልነገርኩት። ነገር ግን በ1950ዎቹ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ የኮሌጅ ተጫዋች ሜዳ ላይ ተጎድቶ ሲሞት ባለቤቱ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ጠየቀች። በ1957 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሠራተኛ አልነበረም ብሎ ከለከላት። ተማሪ አትሌት የሚለው ስያሜ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ የተፈጠረው በዚያው ዘመን፣ እንዲህ ያለውን ክስ ለመከላከል ነው። ይህን የማኅበሩ የረጅም ጊዜ ዋና ኃላፊ ዋልተር ባየርስ ራሱ ኋላ ላይ በመጽሐፉ አምኗል።

ግንቡ መፍረስ የጀመረው በ2021 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ በማኅበሩ ላይ ፈረደ። በዚያው ዓመት ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ ሠርተው እንዲያገኙ ተፈቀደ። ቶርፕን በ2014 ያሳዘነው የፊላዴልፊያው ፍርድ ቤት በ2024 አማተር መባል ብቻውን ሠራተኛ ከመባል አያግድም አለ። በሰኔ 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት ደግሞ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ለቀድሞ ተጫዋቾች እንዲከፈል፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ ማካፈል እንዲችል ፈቀደ። ስምምነቱ በየስፖርቱ የተጫዋቾችን ቁጥርም ገደበ። ዳኛዋ ቦታቸውን የሚያጡት ነገር አሳስቧቸው ማጽደቁን አዘግይተው ነበር። ለእነዚያ ልዩ ፈቃድ ተበጀላቸው፤ መቀበል አለመቀበሉ ግን ለዩኒቨርሲቲዎቹ ተተወ።

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ መልሼ ደወልኩለት። ለፉትቦል ተጫዋቾቹ መከፈሉ ፍትሕ ነው አልኩት። የቶርፕ ዕዳ ነውና መቶ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ይከፈል። ዕዳውን ከአንተ ቦታ ቆርጦ መክፈል ግን ፍትሕ አይደለም። ባለዕዳው ገንዘቡን ሲሰበስብ የኖረው ተቋም እንጂ ማለዳ ተነስቶ የሚሮጥ ልጅ አይደለም። ስለዚህ በፉትቦል ልጆቹ አትቀየም። ስምህ ልዩ ፈቃድ በተሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ ይገባ እንደሆነ፣ ስኮላርሺፕህም እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ጠይቅ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። አሠልጣኝህ ጥሩ ሰው ይሆናል፤ ቀኑ ሲከፋ ግን አናውቅም የሚሉ ጥሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቶርፕ የጎደለው ጉልበት አልነበረም። የ30 ቀኑን ደንብ ገልጦ የሚያሳይለት ሰው ነው።

ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠኝና ይህ ቶርፕ የሚሉት ሰው 5 ሺህ ሜትር ሮጦ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በዴካትሎኑ የመጨረሻው ውድድር 1500 ሜትር ነው፣ እሱንም አሸንፏል አልኩት። ደስ አለው። ደብዳቤውን ጽፎ ከማስገባቱ በፊት እንዳይለት ይልክልኛል። እኔም እጠብቃለሁ።

ቸር እንሰንብት።