ወለተ ጴጥሮስ

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ (እ.ኤ.አ. 1592 – 1642) በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሚታወቁት ሴት ቅዱሳን አንዷ ናት። ከመኳንንት ወገን ተወልዳ በድሎት ያደገች፣ የከፍተኛ ሹም ሚስት የነበረች፣ በኋላም ሁሉን ትታ የመነኮሰች ስትሆን፣ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉበት ጊዜ ተቃውማ በስደትና በግዞት ኖራለች። በጣና ሐይቅ ዙሪያና ከዚያም ውጭ ሰባት የገዳም ማኅበራትን መሥርታለች። ስሟ የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። ሕይወቷ የሚታወቀው በዋናነት ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ በግእዝ ከተጻፈው ገድሏ ነው።

ልደትና ቤተሰብ

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ደግሞ ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር። ቤተሰቡ በደዋሮና በፈጠጋር የርስት መብት የነበረው የታወቀ ወገን ሲሆን፣ አባቷና ወንድሞቿ በቤተ መንግሥት ባለሥልጣናት ነበሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቤት የተወለደች ልጅ የሚጠብቃት ዕጣ የታወቀ ነበር፤ በልጅነቷ ለእኩያዋ ሹም ትዳራለች፣ ቤት ታስተዳድራለች፣ ልጅ ወልዳ ወገኑን ታስቀጥላለች። ወለተ ጴጥሮስም ገና ወጣት ሳለች ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። እሱ የአፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አዛዥ ነበር። ይህ መልክአ ክርስቶስ በኋላ በላስታ በንጉሡ ላይ ካመፀው መልክአ ክርስቶስ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ሰው ነው።

ትዳርና የልጆቿ ሞት

ገድሏ በባለጸጋ ቤት ስትኖርም ጾምና ጸሎት የምታዘወትር፣ ለድኾች የምትመጸውት እንደነበረች ይተርካል። ሀብቱን የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጋ ትቀበለዋለች፤ የምትመካበት ግን አልነበረም።

ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ገድሉ እንደሚለው በፀነሰች ቁጥር፣ የሚወለደው ልጅ እግዚአብሔርን የሚያስደስት ከሆነ እንዲኖር፣ ካልሆነ ግን ቶሎ እንዲወስደው ትጸልይ ነበር። ይህ ጸሎት ለዛሬ አንባቢ ከባድ ሊመስል ይችላል። የገድሉ ጸሐፊ ግን የልጆቿን ሞት ቅጣት አድርጎ አላቀረበውም። እንደ እሱ አተራረክ እናትየዋ ልጆቿን ከመወለዳቸው በፊት ለፈጣሪ አስረክባ ነበር፤ ሲሞቱም ፈጣሪዋን አላማረረችም። የዚህ ዓለም ነገር ሁሉ አላፊ መሆኑን አሰበችና ቀሪ ዕድሜዋን በምንኵስና ለማሳለፍ ወሰነች።

የዘመኑ የሃይማኖት ግጭት

የወለተ ጴጥሮስን ሕይወት ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1557 ነበር። በ1603 የገቡት ስፔናዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ በንጉሡ ዘንድ ከፍተኛ ተቀባይነት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1618 ከአዊ ምድር አጠገብ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ አይተው የጻፉትም እኚሁ ካህን ናቸው። አፄ ሱስንዮስ (1607 – 1632) መጀመሪያ በምስጢር፣ በኋላም በ1620ዎቹ መጀመሪያ በይፋ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ።

የክርክሩ ዋና ነጥብ የክርስቶስ ባሕርይ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መለኮትና ትስብእት በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ ሆነዋል ስትል፣ ሚስዮናውያኑ ደግሞ ሁለት ባሕርይ ብለው ያስተምሩ ነበር። ቀዳሚት ሰንበትን ማክበርም አከራካሪ ነበር። ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ቅዳሴውን፣ ጾሙን፣ በዓሉን፣ ጥምቀቱንም ስለሚነካ ወደ እያንዳንዱ ገበሬ ቤት ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1617 የንጉሡ አማች ዩልዮስ ሃይማኖትን ምክንያት አድርጎ አመፀ። የኢትዮጵያ ጳጳስ አቡነ ስምዖንም ከዓመፀኞቹ ጎን ቆሙ። በውጊያው ዩልዮስ ተሸነፈ፤ ጳጳሱም ተገደሉ። በንጉሡ ጦር ውስጥ ከዘመቱት አዛዦች አንዱ የወለተ ጴጥሮስ ባል መልክአ ክርስቶስ ነበር።

ምንኵስና

ወለተ ጴጥሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቷ የወጣችው በመነኮሳት እርዳታ በሌሊት ተደብቃ ነበር። ባሏ ግን ወታደሮቹን ይዞ ተከተላት፤ የተሸሸገችበትን ከተማም ማስዘረፍ ጀመረ። በእሷ ምክንያት ሕዝቡ መከራ ሲቀበል ማየት ስላልቻለች ወደ ባሏ ተመለሰች። የግል ምኞቷን ለሰው ደኅንነት ስትል ያዘገየችበት ይህ ውሳኔ በገድሉ ከሚታወሱት ታሪኮች አንዱ ነው።

የአቡነ ስምዖን መገደል ግን ለሁለቱ መለያየት ምክንያት ሆነ። ገድሉ እንደሚለው የሟቹ ጳጳስ ልብስ በባሏ እጅ እንዳለ ስታውቅ ከእሱ ጋር መኖር እንደማትችል ቆረጠች። በመጨረሻም መልክአ ክርስቶስ ለቀቃት። ጌጧን አውልቃ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ በ25 ዓመቷ ገደማ በጣና አካባቢ የምንኵስና ሕይወት ጀመረች።

በዚህ ጊዜ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ተዋወቀች። እኅተ ክርስቶስም ባሏንና ልጇን ትታ የመነነች ሴት ነበረች። ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ወለተ ጴጥሮስ ሞት ድረስ በጓደኝነት አብረው ኖረዋል። በአገልጋዮች ተከብባ ያደገችው ወይዘሮ እንደ ማንኛዋም መነኩሲት እህል መፍጨትና ውኃ መቅዳት ለመደች።

በንጉሡ ፊት

አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ካወጁና የቀድሞውን ትምህርት ከከለከሉ በኋላ ወለተ ጴጥሮስ በዝምታ መቀመጥ አልፈለገችም። ሰዎች አዲሱን እምነት እንዳይቀበሉ፣ ካህናትም የንጉሡን ስም በቅዳሴ እንዳይጠሩ ታስተምር ጀመር። የንጉሥን ስም ከቅዳሴ ማውጣት በዚያ ዘመን ንግሥናውን እንደ መካድ የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ተይዛ በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ቀረበች።

ንጉሡ ሊያስገድሏት አስበው ነበር፤ በቤተ መንግሥት የነበሩት ዘመዶቿና የቀድሞ ባሏ አማልደው አስጣሏት። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን ሄዳ በዋልድባና በጸለምት ተቀመጠች፤ እዚያም ማስተማሯን አላቋረጠችም።

እ.ኤ.አ. በ1625 ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ኢትዮጵያ ገቡ። ከአባ ፔድሮ ፓኤዝ ይልቅ ጥብቅ ነበሩ፤ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግመኛ እንዲካኑ አዘዙ። በእሳቸው ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠርታ ቀረበች። አሁንም የሞት ፍርድ ሲታሰብባት መልክአ ክርስቶስ ጣልቃ ገባ፤ ከመግደል ይልቅ ፓትርያርኩ አስተምረው እንዲመልሷት ንጉሡን አግባባ። ሜንዴዝ ቢከራከሯትም አቋሟን ሊያስለውጧት አልቻሉም።

የመልክአ ክርስቶስ ሁኔታ በታሪኩ ውስጥ ልብ ሊባል ይገባል። የተዋችው ባሏ ነው፤ በእምነትም ከንጉሡ ጎን ቆሟል። ሆኖም ሁለት ጊዜ ከሞት እንድትተርፍ ረድቷል። ገድሉ እሷን የጠበቃት እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ጥበቃው ግን ብዙውን ጊዜ የደረሳት በሰው እጅ፣ አንዳንዴም ሃይማኖቷን በሚቃወሙ ሰዎች እጅ እንደነበር ከዚያው ከገድሉ መረዳት ይቻላል።

ግዞት በዠበይ

ክርክሩ ፍሬ ባለማፍራቱ ንጉሡ ወለተ ጴጥሮስን ወደ ምዕራባዊው ቆላ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል ቦታ ለሦስት ዓመት አጋዟት። ለደገኛ ሰው ቆላ መጋዝ ከሞት ፍርድ ብዙም የሚሻል አልነበረም፤ ሙቀቱና ንዳዱ ብዙ ሰው ይፈጅ ነበር። ገድሉ በዚያ የታመመችበትን፣ በጠባቂዋ የተጨነቀችበትንና በኋላም ያው ጠባቂ እያከበራት የመጣበትን ሁኔታ ይተርካል።

ያልታሰበው ነገር የሆነው ግን እዚያው ግዞት ላይ ነው። የካቶሊክን እምነት ሸሽተው የተሰደዱ መነኮሳትና ምእመናን እሷ ያለችበትን እየሰሙ ወደ ዠበይ መጡ። ብቻዋን እንድትጠፋ የተላከችበት ቦታ የመጀመሪያው ማኅበሯ መነሻ ሆነ። ተከታዮቿም ይህን የእግዚአብሔር ፍቅር ምልክት አድርገው ያዩት ነበር።

ሰባቱ ማኅበራት

ከግዞት ከተፈታች በኋላ ወደ ደምቢያ ሄዳ ጫንቋ በሚባል ቦታ ሁለተኛውን ማኅበር አቋቋመች። በቀጣዮቹ ዓመታት ሌሎች ተጨመሩና ሰባት ሆኑ፤ እነሱም ዠበይ፣ ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስና ዛምቦል ናቸው። በማኅበራቱ ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ። ኑሮው የጋራ ሲሆን፣ የግል ንብረት መያዝ አይፈቀድም ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ ክህነት አልነበራትም፤ ቅዳሴና ሌላው የክህነት አገልግሎት የሚፈጸመው በካህናት ነበር። የማኅበሩ አመራር ግን በእሷና በእኅተ ክርስቶስ እጅ ነበር። አንዲት ሴት ወንዶች መነኮሳት ጭምር ያሉበትን ማኅበር መምራቷ በወቅቱ ያልተለመደ በመሆኑ ከአንዳንድ ሊቃውንት ተቃውሞ እንደገጠማት ገድሉ ያወሳል።

የሰላም ጊዜና ዕረፍት

እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ በላስታ ዓመፀኞች ላይ ድል ቢያደርጉም በሺህ የሚቆጠር ገበሬ አለቀ። ከዚያ በኋላ አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ (1632 – 1667) ነገሡና ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ወለተ ጴጥሮስ ስደተኛ መሆኗ ቀርቶ በቤተ መንግሥት የተከበረች ሆነች።

ከዚህ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖራለች። ክብር ስታገኝ ወደ ቀድሞ ድሎቷ አልተመለሰችም፤ ማኅበሯን ይዛ በጣና ዙሪያ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረች በጾምና በሥራ ቀጠለች። በገድሏ ውስጥ የመከራው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ይህ የምቾት ጊዜም እንደ ፈተና ቀርቧል፤ በመከራ ጊዜ የጸለየ ሰው በሰላም ጊዜ ሊረሳ ይችላልና።

ሦስት ወር ያህል ከታመመች በኋላ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1642) በ50 ዓመቷ አረፈች። በምንኵስና የቆየችው 26 ዓመት ያህል ነው። ከመሞቷ በፊት ማኅበሩን ለእኅተ ክርስቶስ አደራ ሰጠች፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ1649 እስክታርፍ ድረስ መርታለች።

ገድሏ

ገድለ ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1672 ገላውዴዎስ በሚባል መነኩሴ ተጻፈ። ጸሐፊው እሷን በቅርብ ከሚያውቁ የማኅበሩ አባላት የሰማውን ሰብስቦ ነው የጻፈው። በመሆኑም መጽሐፉ የቅድስና ታሪክ ቢሆንም የሰዎች ስም፣ የቦታ ስም፣ በሽታ፣ ጭቅጭቅና የዕለት ኑሮ በብዛት ይገኝበታል። ከገድሉ በተጨማሪ ተአምሯና መልኳ ተጽፏል።

የግእዙ ጽሑፍ በጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1912 ታተመ። በ1970 ወደ ጣሊያንኛ፣ በ2015 ደግሞ በዌንዲ ቤልቸርና በሚካኤል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። የአንዲት አፍሪካዊት ሴትን ሕይወት በሰፊው ከተረኩ ቀደምት መጻሕፍት አንዱ በመሆኑ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው። አንባቢ ግን ገድሉ በአንድ ወገን የተጻፈ መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል፤ ሚስዮናውያኑ ስለዚያው ዘመን የጻፉት ታሪክ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል።

ቆራጣ

አፄ ፋሲለደስ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ በቆራጣ ለወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ የሚሆን የገዳም መሬት ሰጡ። ቆራጣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከንጉሥ ቁጣም ሆነ ከባላጋራ የሸሸ ሰው የሚጠለልባት የመማፀኛ ቦታ ሆና ኖራለች። በሕይወቷ ከንጉሥ ቁጣ ስትሸሽ የኖረች ሴት ከሞተች በኋላ ስሟ ለስደተኛ መጠጊያ ሆነ ማለት ነው።

ከአዊ ዞን የሚነሣ መንገደኛ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን የሚያገናኘውን አውራ ጎዳና ይዞ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ቆራጣ መሻገር ይችላል። መታሰቢያ በዓሏ በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን ይከበራል።