የሐኪሟ የሉሲ ዊልስ ሕይወት

ሉሲ የሚለው ስም ሲነሣ የኢትዮጵያ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስታውሰው በ1967 ዓ.ም. በአፋር ስምጥ ሸለቆ የተገኘችውን ድንቅነሽን ነው። በዚህ ምንባብ ታሪኳ የሚተረክላት ሉሲ ግን ሌላ ናት። እርስዋ ኢትዮጵያን የምታውቅ ሴት አልነበረችም፤ ሆኖም ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን አንዱ ክፍል ጥንቱ ከእርስዋ ሥራ ይመዘዛል። (በዚህ ምንባብ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።)

ሉሲ ዊልስ በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሳተን ኮልድፊልድ ሜይ 10 ቀን 1888 ተወለደች። ወላጆቿ ኑሮ የተሟላላቸው ስለ ነበሩ፣ በዚያ ዘመን ለልጃገረዶች ሳይንስና ሒሳብ ከሚያስተምሩት ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱ ወደ ነበረው ወደ ቼልተንሃም የሴቶች ኮሌጅ ላኳት። ከዚያም በ1907 ወደ ካምብሪጅ ተሻግራ በኒውንሃም ኮሌጅ ሥነ ዕፀዋትንና ሥነ ምድርን አጠናች። በ1911 የመጨረሻውን ፈተና አለፈች፤ ዲግሪ ግን አልተሰጣትም። ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን አስተምሮ ይፈትን እንጂ እስከ 1948 ድረስ በዲግሪ አያስመርቅም ነበርና።

አባቷ በ1911፣ እኅቷ በ1913 ሞቱባት። በ1914 ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተጉዛ ሳለች የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ፈነዳ በኬፕ ታውን ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ አስታማሚነት አገለገለች። ወደ አገሯም እንደ ተመለሰች በ1915 ለንደን በሚገኘው የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ገብታ በ1920 በሐኪምነት ተመረቀች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 32 ዓመት ነበር። በሽተኛን በየአልጋው ከመጎብኘት ይልቅ የላቦራቶሪውን ሥራ መረጠች፤ በሮያል ፍሪ ሆስፒታልም ስለ ነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ትመራመር ጀመር።

ስሟን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው በ1928 ወደ ሕንድ አገር በሄደች ጊዜ ነው። በቦምቤይ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይሠሩ ከነበሩት ድሆች ሴቶች መካከል ብዙዎቹ ባረገዙ ጊዜ በብርቱ የደም ማነስ ይያዙ፣ አያሌዎቹም ይሞቱ ነበር። ሴቶቹ እንደ አመድ ይገረጣሉ፤ ይዝላሉ፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ደማቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀይ ሕዋሳቱ በቁጥር አንሰው፣ በመጠን ግን ከልክ በላይ ገዝፈው ይገኛሉ። የበሽታው መንሥኤ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ሉሲ ዊልስ ተላላፊ ተሕዋስያንን ፈልጋ ስላጣች ፊቷን ወደ ምግቡ መለሰች። በሽታው የሚጸናው አትክልት፣ ፍራፍሬና ወተት በማይገኝበት የድሃ ማዕድ ላይ መሆኑን ተመለከተች። ስለዚህም አይጦችን የቦምቤይ ድሆች ሴቶች የሚበሉትን ዓይነት ምግብ ብታበላቸው ያረገዙት አይጦች በደም ማነስ ተያዙ፤ ከመውለዳቸውም በፊት ሞቱ። በምግባቸው ላይ እርሾ ሲጨመርበት ግን ከበሽታው ይድኑ ነበር። ይሁን እንጂ አይጦቹ በቅማል የሚተላለፍ ሌላ በሽታ እንደ ነበረባቸው ኋላ ስለ ታወቀ ማስረጃው ተበላሸ። እርስዋ ግን ሥራውን አልተወችውም፤ ሙከራውን በጦጣዎች ላይ ቀጠለች። ከጦጣዎቹ አንዷ ልትሞት በተቃረበች ጊዜ ማርማይት የሚባለውን ምግብ ብትሰጣት ፈጥና አገገመች።

ማርማይት ምንድን ነው? ከቢራ ጠመቃ ከሚተርፍ እርሾ የሚሠራ፣ እንግሊዞች በዳቦ ላይ ቀብተው የሚበሉት ጥቁር ቡናማ ልውስ ነው። የጠላ አተላ ለከብት በሚሰጥበት አገር ላደገ ሰው ከመጥመቂያ ተረፍ መድኃኒት መገኘቱ ሊያስገርም ይችላል። ሉሲ ዊልስ ይህንኑ ማርማይት ለታመሙት ነፍሰ ጡሮች ብትሰጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደማቸው መታደስ ጀመረ። ውጤቱንም በ1931 በጽሑፍ ለዓለም አሳወቀች።

ከዚህ ላይ ተማሪው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። በዚያን ዘመን ሌላ ዓይነት የደም ማነስ በጉበት ይታከም ነበር። ተጣርቶ የተዘጋጀው የጉበት ጭማቂ ያንኛውን በሽታ ሲያድን የቦምቤይን ሴቶች አላዳናቸውም፤ ማርማይትና ያልተጣራው ጉበት ግን አዳናቸው። እንግዲህ በእርሾውና በጉበቱ ውስጥ በማጣራት ጊዜ የሚጠፋ፣ ገና ስም ያልወጣለት ሌላ ንጥረ ነገር አለ ማለት ነው። ሊቃውንቱ የዊልስ ንጥረ ነገር ብለው ሰየሙት። በ1941 ይኸው ከስፒናች ቅጠል ተለይቶ ወጣ፤ ቅጠል ከሚለው የላቲን ቃልም ፎሊክ አሲድ ተባለ። በ1945 በአሜሪካ በፋብሪካ ላቦራቶሪ ተሠራ። ሕዋስ ሲከፋፈል ለዘር ቅንጣቱ መሥሪያ የሚያስፈልግ ቪታሚን ነው፤ ሲጎድል የደም ሕዋሳት ሳይከፋፈሉ የሚገዝፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሉሲ ዊልስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአገሯ አገልግላ በ1947 ጡረታ ወጣች። ከዚያም በኋላ አላረፈችም፤ በጃማይካ፣ በፊጂና በደቡብ አፍሪቃ ስለ ምግብና ስለ ደም ማነስ ተመራምራለች፤ በለንደንም የቼልሲ ምክር ቤት አባል ሆና ሠርታለች። ባል አላገባችም። ወደ ሥራዋ በብስክሌት መሄድንና ተራራ መውጣትን ትወድ ነበር። በኤፕሪል 1964 በ75 ዓመቷ አረፈች።

በሞተች በዓመቱ፣ በ1965፣ ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የፎሊክ አሲድ እጥረትና የጽንስ ጉድለት ሊዛመዱ እንደሚችሉ አመለከቱ። በ1991 ደግሞ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄደ ሰፊ ሙከራ ነገሩን አረጋገጠው። አስቀድሞ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ የወለዱ እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ጉዳቱ በ72 በመቶ ቀነሰ። ጉዳቱ የሚደርሰው ጽንሱ የአንጎሉንና የኅብለ ሰረሰሩን ቱቦ በሚዘጋበት ጊዜ ነው። ቱቦው ካልተዘጋ ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ፣ እግሩም ሽባ ሆኖ ሊወለድ፣ ወይም የራስ ቅሉ ሳይሞላ ቀርቶ ወዲያው ሊሞት ይችላል። ክፉው ነገር ቱቦው የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ መሆኑ ነው፤ በዚያ ሰዓት ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳት ብዙ ነው፤ በትግራይ በተደረገ አንድ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች መካከል ከ100 በላይ በሚሆኑት ላይ ታይቷል። በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ክኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው። ለእናቲቱ ደም እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን አንዲት ሴት ክኒኑን የምትቀበለው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ለምርመራ ስትመጣ ከሆነ ለሕፃኑ ጀርባ ዘግይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የሚመክረው ስለዚህ ነው፤ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋታል።

በአዳማ ገበያ የሚሸጡት ጎመን፣ ምስርና ሽምብራ ቪታሚኑን ይዘዋል፤ ጎመኑ ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ግን አብዛኛው ከውኃው ጋር ይሄዳል። ምግብ ብቻውን ስለማይበቃም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ባወጣችው አስገዳጅ ደረጃ የስንዴ ዱቄት ፋብሪካዎች በዱቄታቸው ላይ ፎሊክ አሲድና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች እንዲጨምሩ ታዟል። የአዳማም ዱቄት ፋብሪካዎች በዚሁ ሥር ናቸው። ቪታሚኑ ከዱቄቱ ጋር ከተቀላቀለ ገና ማርገዟን ያላወቀችው ሴት በቁርስ ዳቦዋ ታገኘዋለች።