ጠመንጃ ፈትተው የሚገጥሙት ንጉሠ ነገሥት

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በአገራችን ታሪክ በድል አድራጊነታቸው፣ በዘመቻቸውና በአዲስ አበባ መሥራችነታቸው ይታወሳሉ። ለጦር መሣሪያ የነበራቸው የግል ፍቅር ግን ብዙ ጊዜ በዘመቻው ወሬ ይሸፈናል። ያ ፍቅር ለአገሪቱም፣ ለሀድያ ምድርም፣ ለብረት ባለሙያውም የየራሱን ውጤት ትቷል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም ሲሞቱ በአጤ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው፣ እስከ 1857 ዓ.ም ድረስ በቁጥጥራቸው ሥር ቆዩ። ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ ለማሠራት የደከሙ ንጉሥ ነበሩ። ወጣቱ ልዑል ከመቅደላ አምልጠው የሸዋን ዙፋን በያዙ ጊዜም የመሣሪያ ነገር ቀዳሚ ጉዳያቸው ሆነ።

ምኒልክ የመጣላቸውን ጠመንጃ ግምጃ ቤት አስገብተው ብቻ አይተዉም ነበር። በቤተ መንግሥታቸው ያለፉ እንግዶች እንደመዘገቡት፣ ሰዓትም ሆነ ጠመንጃ በእጃቸው ሲገባ ፈትተው አካሉን መመርመርና መልሰው መግጠም ይወዱ ነበር። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም አንኮበር ሲደርስ ሙያውን ለመፈተን መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ እንዳዘዙት ይነገራል። ኢልግ ከውጭ መግዛት እንደሚረክስ ቢያስረዳም ጠመንጃውን ሠርቶ አቀረበ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት አማካሪያቸው ሆነ።

በዚያ ዘመን መሣሪያ መያዝ ብቻውን አይበቃም ነበር። በሠራዊቱ እጅ ስናድር፣ ረሚንግተን፣ ውጅግራና ሌላም ዓይነት ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጥይት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ በመሆኑ በየገበያው እንደ ገንዘብ እስከ መመንዘር ደርሶ ነበር። አፈሙዙ የዛገ ወይም ምላጩ የላላ ጠመንጃ ደግሞ ከዱላ አይሻልም። ስለዚህ የሚወለውለው፣ የሚጠግነውና ሰደፉን የሚተካው ባለሙያ ከተኳሹ ባልተናነሰ ያስፈልግ ነበር።

በ1879 ዓ.ም ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከታጁራ 2000 ያህል ያረጁ ጠመንጃዎችን ጭኖ ሸዋ ሲደርስ፣ ምኒልክ እሱ ካሰበው ባነሰ ዋጋ ተቀበሉት። በዓመታት የተጠራቀመው መሣሪያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ዋለ። ጣሊያን ያሰለፈቻቸው 56 መድፎችም በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ።

ያው መሣሪያ ግን ሌላ ገጽም አለው። ከዓድዋ በፊት በነበሩት ዓመታት የሸዋ ጦር ወደ ጉራጌና ሀድያ ምድር ሲዘልቅ፣ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የሀድያ ተዋጊዎችንም አሰልፈው ለዓመታት ተከላክለዋል። በመጨረሻ በራስ ጎበና ጦር ተሸነፉ። ጠመንጃ የበዛለት ወገን ጦርና ጋሻ በበዛለት ላይ የበላይነት አገኘ። ለዚህ አካባቢ ሕዝብ የምኒልክ ጠመንጃ የዓድዋ ኩራትም የሽንፈት ትዝታም ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ታሪኩን ያጎድላል።

ንጉሠ ነገሥቱ ለብረት ሥራ የነበራቸው አክብሮት በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ጎልቶ ታየ። በዚያ ዘመን ማረሻ የሚያበጅ፣ ጠመንጃ የሚጠግን ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ ይናቅ ነበር። አዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ገበሬውን በሥራው መስደብን ከለከለ፤ ሠራተኛን መስደብ ንጉሡን እንደመስደብ እንደሚቆጠርም ገለጸ።

ምኒልክ ከረጅም ሕመም በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ። የሰበሰቧቸው ጠመንጃዎች ዛሬ የሙዚየም ዕቃ ሆነዋል። ባለእጁን መናቅ ግን በአዋጅ ቢከለከልም ከገጠሩ ፈጽሞ አልጠፋም። በሀድያና በከምባታ ገበሬው ዛሬም ማረሻውንና ማጭዱን የሚያሳድሰው በዚያው ባለሙያ እጅ ነውና፣ የአዋጁ ቃል አሁንም አላረጀም።