የዶክተር አልበርት ኩንስ ታሪክ

እኛ የሳይንስ ተማሪዎች የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ስናይ፥ ቀለም ካልነካው በቀር ሁሉም እንደ ውሃ ሆኖ እንደሚታየን እናውቃለን። ዶክተር አልበርት ኩንስ ግን ሊያዩ የፈለጉት ከዚህ እጅግ የረቀቀ ነገር ነበር።

ኩንስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ግላቨርስቪል በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከተማይቱ የታወቀችው በእጅ ጓንት ሥራ ነው፤ ስሟም የመጣው ከዚያው ነው። በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርታቸውን በ1937 ዓ.ም. ጨረሱ።

ለሥራቸው መነሻ የሆነው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ይህ በሽታ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መጥቶ ልብን ይጎዳል፤ በአገራችንም የብዙ ወጣቶችን ልብ ያደክማል። ልብን የሚጎዳው ሰውነት ራሱ ከጉሮሮው ጀርም ጋር የሚያደርገው ትግል ነው ተብሎ ይገመት ነበር፤ ዳሩ ግን በታመመው ልብ ውስጥ ይህን በዓይኑ ያየ አልነበረም። በ1939 ዓ.ም. ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፥ ኩንስ በበርሊን ሳሉ ይህን ነገር ሲያወጡና ሲያወርዱ አንድ አሳብ መጣላቸው።

ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ይሠራል። ላም ከመንጋው መካከል የራሷን ጥጃ ለይታ እንደምታውቅ፥ አንቲቦዲም የራሱን ጀርም ለይቶ ይይዛል። እንግዲህ በላሚቱ አንገት ቃጭል ቢታሰር ጥጃው ያለበት ይታወቅ የለምን?

ከኬሚስቶቹ ከክሪችና ከጆንስ ጋር ሆነው በመጀመሪያ ያሰሩት ቃጭል በአልትራቫዮሌት ጨረር ሰማያዊ የሚያበራ ነበር። ነገር ግን ሥጋ ራሱ በዚያ ጨረር ሰማያዊ ስለሚያበራ ሁለቱን መለየት አስቸገረ። ስለዚህ አረንጓዴ የሚያበራውን ፍሎረሲን አሰሩበት፤ በ1942 ዓ.ም. የሳንባ ምች ጀርም ርዝራዥ በአይጥ ሥጋ ውስጥ ሲያበራ መታየቱን አሳተሙ። ከዚያም ወደ ጦር ሠራዊት ገቡና ሥራው ቆመ።

ከጦርነቱ በኋላ ከሜልቪን ካፕላን ጋር ሆነው፥ ያለ ቦታው የሚጣበቀውን ብርሃን በደረቀ የጉበት ዱቄት ማጥራትን በ1950 ዓ.ም. አሳተሙ። ለእኛ ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የ1954ቱ ነው። ኩንስና ቶማስ ዌለር የሕመምተኞችን አንቲቦዲ ያለ ቀለም አስቀደሙ፤ ይህ የመጀመሪያ አንቲቦዲ ይባላል። ቀጥሎ የሰውን አንቲቦዲ የሚይዝ ባለቀለም ሁለተኛ አንቲቦዲ ጨመሩ። ለየላሚቱ ቃጭል ከመግዛት፥ ላሞቹን ሁሉ ለሚከተል ለአንድ እረኛ መስጠት ማለት ነው። በዚህም ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ ከአንድ ቫይረስ እንደሚመጡ የሚያስረዳ ምልክት አገኙ። የዛሬም ተመራማሪ አንድ ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ ሲፈልግ ይህንኑ ሁለት እርምጃ ይከተላል።

የሩማቲክ ትኩሳት ጥያቄ በኩንስ እጅ አልተፈታም። ወደ ልቡ የተመለሰው ካፕላን ነው። በ1960ዎቹ፥ በጉሮሮው ጀርም ላይ የተሠራ አንቲቦዲ የሰውን የልብ ሥጋ ጭምር እንደሚይዝ በዚያው አረንጓዴ ብርሃን አሳየ። ኩንስም ይህን አይተው በ1978 ዓ.ም. ዐረፉ።