በበረሃ የሰገደው ካህን፦ ቅዱስ ሻርል ደ ፉኮ

በየቁምስናችን ቅዱስ ቁርባን ለስግደት በሚቀርብበት ጊዜ ከምእመናን ደጋግሞ የሚነሣልን አንድ ጥያቄ አለ። ችግረኛው በደጅ ቆሞ ሳለ በዝምታ ተንበርክኮ መቆየት ማንን ይጠቅማል? ለዚህ ጥያቄ ከአንድ ሰው ሕይወት መልስ መፈለግ የተሻለ መስሎ ስለ ታየን፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2022 ቅድስናውን ያወጁለትን የሻርል ደ ፉኮን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻርል በ1858 በፈረንሳይ፣ በስትራስቡርግ ከተማ፣ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ እናትና አባቱን በሞት ስላጣ ያሳደገው አያቱ ነው። በወጣትነቱ እምነቱን ተወ፤ የጦር መኰንን ሆኖም የወረሰውን ገንዘብ በተድላ አባከነ። ሠራዊቱን ከለቀቀ በኋላ፣ በ1883 እና በ1884፣ ለአውሮፓውያን ዝግ በነበረችው በሞሮኮ አይሁዳዊ መስሎ ተዘዋወረ፤ ስለ ጥናቱም የፓሪስ የመልክዐ ምድር ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በዚያ ጉዞ ግን ከሜዳሊያው የሚበልጥ ነገር አግኝቷል። ሙስሊሞች በየሰዓቱ በግንባራቸው ተደፍተው ሲሰግዱ ማየቱ ልቡን አናወጠው። የስግደት የመጀመሪያ አስተማሪዎቹ እነርሱ ነበሩ ብንል አናጋንንም።

በ1886፣ በኦክቶበር ወር፣ በፓሪስ ወደ ቅዱስ አውጉስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አባ ኡቭለን የተባሉትን ካህን ስለ ሃይማኖት እንዲያስረዱት ለመናቸው። እርሳቸው ግን በመጀመሪያ ተንበርክኮ እንዲናዘዝ ነገሩት፤ ወዲያውም ቅዱስ ቁርባን አቀበሉት። ይህ ለሁሉ የሚሆን ሥርዓት ነው ማለታችን አይደለም፤ ሻርል በልጅነቱ ተጠምቆና ቆርቦ የነበረ ሰው ነውና።

በ1890 ወደ ትራፒስት ገዳም ገብቶ በፈረንሳይና በሶርያ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ የበለጠ ድኅነት ፈልጎ በ1897 ወደ ናዝሬት ሄደ፤ የክላራውያን ደናግል አገልጋይ ሆኖ በአትክልታቸው ስፍራ ባለች ጎጆ እያደረ፣ ከሥራ የተረፈውን ሰዓት በቅዱስ ቁርባን ፊት ያሳልፍ ነበር።

በ1901 ማዕርገ ክህነት ተቀብሎ በአልጄርያ ሰሃራ ቤኒ አቤስ በተባለ ስፍራ ተቀመጠ። ከጭቃ ጡብና ከተምር ግንድ በተሠራችው፣ ወለሏ አሸዋ በሆነ ጸሎት ቤት ረጅም ሰዓት ሊሰግድ አሰበ። ነገር ግን በሩ ይንኳኳ ነበር። ድኾች፣ ሕመምተኞች፣ ባሮች፣ ወታደሮች፣ መንገደኞች ከማለዳ እስከ ማታ ይመጡበት ነበር፤ እርሱም አልመለሳቸውም። አንዳንድ ባሮችን በገንዘብ ዋጅቶ ነጻ አወጣ፤ የፈረንሳይ ሹማምንት ባርነትን ዝም ብለው ማየታቸውንም በደብዳቤዎቹ አጥብቆ ነቀፈ። የስግደቱ ሰዓት ግን ወደ ሌሊት ተገፋ።

በ1905 ከዚያ በስተ ደቡብ እጅግ ርቃ ወደምትገኘው ወደ ታማንራሴት፣ ወደ ቱዋሬግ ሕዝብ ዘንድ ሄደ። ከባዱ ፈተና የጠበቀው እዚህ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ካህን ያለ ልዩ ፈቃድ ብቻውን ቅዳሴ ማሳረግ አይችልም ነበር፤ በታማንራሴት ደግሞ አብሮት የሚያገለግል ክርስቲያን አልነበረም። ቅዳሴ ወዳለበት ይመለስ ወይስ ከሕዝቡ ጋር ይቆይ? ሕይወቱን በቅዱስ ቁርባን ላይ ለመሠረተ ሰው ይህ እንዴት ያለ ምርጫ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ቆየ፤ በ1907 የልደትን በዓል ያለ ቅዳሴ አሳለፈ።

ወራቱ የድርቅ ነበር፤ እርሱም የነበረውን እህል ለተራቡት አካፍሎ ነበር። በጃንዋሪ 1908 ታሞ ለሞት ተቃረበ። በዚያን ጊዜ ቱዋሬጎች በአካባቢው ወተት ያላት ፍየል እየፈለጉ፣ ያገኙትን ጥቂት ወተት እያመጡ አዳኑት። እስከዚያ ቀን ሰጪው እርሱ ነበር።

በዚያው ወር መጨረሻ ብቻውን እንዲቀድስ ከር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 10ኛ የተገኘው ፈቃድ ደረሰው። ቅዱስ ቁርባንን በጸሎት ቤቱ ለማኖር ግን አልተፈቀደለትም፤ ስለዚህ ለዓመታት ባዶ በሆነ መንበር ፊት ጸለየ። ካህን ለብዙ ጊዜ በማይደርስባቸው የገጠር ጸሎት ቤቶች የሚያገለግሉ ካቴኪስቶች ይህን ከእኛ ከካህናት ይልቅ ይረዱታል ብለን እናምናለን። በእነዚያ ዓመታት የቱዋሬጎችን ቋንቋ አጠና፤ ግጥሞቻቸውን ሰበሰበ፤ ከሞተ በኋላ በአራት ቅጽ የታተመውን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ከቱዋሬጎች መካከል ተከታይ አላፈራም፤ ሊመሠርተው ያሰበው ማኅበርም በሕይወቱ ሳለ አልተቋቋመም። የኢየሱስ ታናናሽ ወንድሞች ማኅበር የተመሠረተው በ1933 ነው።

የዘመኑ ሰው ስለ ነበረ ስለ ፈረንሳይ አገዛዝ የነበረውን አስተሳሰብ ሁሉ ዛሬ አንቀበለውም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወሬ ሰሃራ ሲደርስ ለሕዝቡ መሸሸጊያ የሚሆን ምሽግ ሠራ፤ በውስጡም የጦር መሣሪያ ተቀመጠ። ዲሴምበር 1 ቀን 1916 በምሽት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ከበር አወጡትና አሰሩት፤ በድንጋጤ መካከልም አንድ ወጣት ጠባቂ ተኩሶ ገደለው።

ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ አንድ የፈረንሳይ መኰንን ወደ ስፍራው ደረሰ። ቤቱ ተዘርፎ፣ መጻሕፍቱና ወረቀቶቹ ተበትነው አገኘ። ቅዱስ ቁርባን ለስግደት የሚቀመጥበት ዕቃ ከመቃብሩ ብዙም ሳይርቅ በአሸዋ ውስጥ ወድቆ ነበር፤ የተቀደሰው ኅብስትም በውስጡ እንዳለ ነበር።