ዐፄ ቴዎድሮስና የጣናው ባለ መንኰራኵር ጀልባ

የዐፄ ቴዎድሮስ ስም በተነሣ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ጀግንነታቸውና የመቅደላው ፍጻሜ ነው። የሴባስቶፖልን መድፍ ታሪክም ከተማሪ ቤት ደጃፍ የደረሰ ሁሉ ሰምቶታል። በጣና ባሕር ላይ ስላሠሩት ባለ መንኰራኵር ጀልባ ግን የሚናገር ሰው እጅግ ጥቂት ነው። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን የኚህን ታላቅ ንጉሥ ሕይወት በዚህች ጀልባ በኩል ልንመለከት አስበናል። ምክንያታችንም ጀልባዪቱ ለመማር ለሚሻ ወጣት ከመድፉ ይልቅ ብዙ የምታስተምር መስላ ስለ ታየችን ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ቋራ ከጣና በስተ ምዕራብ እስከ ሱዳን ጠረፍ የሚደርስ ቆላ ሲሆን በሰሜን በኩል የመተማ ጐረቤት ነው። ሽንፋና ጓንግ የተባሉት ወንዞች ይህን ቆላማ ምድር አቋርጠው ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። በክረምት ከዳር እስከ ዳር ሞልተው መንገደኛውን ያግዱታል፤ በበጋ ደግሞ ጎድለው አሸዋቸው ይታያል። መተማ ከጐንደር የሚወርደው ሲራራ ነጋዴና ከሱዳን የሚመጣው ነጋዴ የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ስለዚህ የዚያ ቆላ ልጅ የውጭ አገር ሰውና የውጭ አገር ዕቃ ለማየት ከብዙው ደገኛ ይልቅ ቅርብ ነበር።

አባታቸው ቀደም ብለው ስለ ሞቱ ካሣ ያደጉት በችግር ነው። በልጅነታቸው በገዳም ተማሩ፤ ጐልማሳ ሲሆኑ በቋራ በረሃ ሸፈቱ። ኃይላቸው እየበረታ ስለ ሄደ እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በዕርቅ አስገቧቸው፤ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችንም ዳሩላቸው። በ1840 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ሱዳን ወረዱና ደባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ወታደራቸው በድፍረት ቢዋጋም ሥርዓት የተማረው የግብፅ ጦር በመድፍ መታው፤ ካሣም ድል ሆነው ተመለሱ። ይህ ቀን ለሕይወታቸው ሁሉ መሠረት ሆነ ለማለት ይቻላል። ጀግንነት ብቻውን መሣሪያን እንደማይመልስ በዐይናቸው አይተዋልና።

ከዚያ ወዲያ የመሳፍንቱን ጦር አንድ በአንድ መቱ። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረጉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንንና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ሰበሰቡ፤ መድፍም አስቀለጡ። መንገድ ሲሠራ ድንጋይ በገዛ እጃቸው እያነሡ ለሠራዊታቸው ምሳሌ ይሆኑ ነበር። በዚያን ዘመን ባለእጅ ይናቅና ቡዳ ይባል እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ ንጉሥ በእጁ ሲሠራ መታየቱ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በዚህ ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥትም እስረኞቹን ለማስፈታት ሆርሙዝድ ራሳም የተባለውን መልክተኛ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ላከ። እነርሱም ከምጽዋ ተነሥተው በከሰላ ዞረው በኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ገቡ፤ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ በሽፍትነት ዘመናቸው በሚያውቁት አገር ጫፍ አልፈው ወደ ጣና ወጡ። ከመልክተኞቹ አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር። ስለ ጀልባዪቱ የምናውቀው እርሱ በኋላ ካሳተመው መጽሐፍ ነው።

በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር በዘጌ ሰፍረው ነበር። የጣና ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀመው ከደንገል በታሰረ ታንኳ ነው። ታንኳ ቀላል ነው፤ በውኃ ላይ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ በረዥም ዘንግ ይገፋል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚያን ዘመን በባሕር ላይ እንደሚሄዱት የእንፋሎት መርከቦች ያለ ነገር ፈለጉ። ስለዚህ በገዛ አሳባቸው ከደንገል እጅግ ወፍራምና ጠፍጣፋ የሆነ ትልቅ ጀልባ አሠሩ፤ በሰው እጅ የሚዞሩ ሁለት ታላላቅ መንኰራኵሮችም አስገጠሙለት። ጀልባዪቱም ውኃ ላይ ወርዳ ተሞከረች። ነገር ግን መንኰራኵሮቹ ከፍ ብለው ስለ ተገጠሙ ውኃውን በሚገባ አልያዙትም። ዝቅ ብላ መንኰራኵሮቹን ውኃ እንድታስይዝ 100 ያህል ሰው ሊጫንባት ግድ ሆነ።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። አንድ ሰው በአማካይ 60 ኪሎ ቢመዝን 100 ሰው 6 ቶን ያህል ነው፤ ይህም 7 ቶን ገደማ ከሚገመተው ከሴባስቶፖል ብዙ አይርቅም። አንድ ጠንካራ ሰው ሳያቋርጥ መዘውር ቢያዞር ከአንድ የፈረስ ጕልበት ዐሥረኛውን እጅ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ መቶው ሰው ሁሉ ቢያዞር እንኳ ኃይሉ 10 የፈረስ ጕልበት ገደማ ነው፤ ዛሬ ሁለት ሰዎች ተሸክመው የሚያመጡት የጀልባ ሞተር ይህን ያህል ኃይል አለው። ከዚህም በላይ ከመቶው የሚበዛው የተሳፈረው ጀልባዋን ለማጥለቅ ብቻ ከሆነ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ ጕልበቱ አይጨምርም። ጀልባ በጠለቀ መጠን ደግሞ ውኃው አጥብቆ ይይዘዋል። መንኰራኵሩ ውኃ እንዲነካ የተጨመረው ክብደት ራሱ መንኰራኵሩ የሚያደክመውን ሥራ አበዛው ማለት ነው።

ይህ ችግር የደንገል ጀልባ ብቻ አልነበረም። ውቅያኖስ የሚያቋርጡት ባለ መንኰራኵር የእንፋሎት መርከቦችም ከወደብ ሲነሡ በከሰል ተሞልተው መንኰራኵራቸው ከመጠን በላይ ይጠልቅ ነበር፤ ከሰሉ ተቃጥሎ ሲያልቅ ደግሞ መርከቡ ከፍ ይልና መንኰራኵሩ ውኃውን ይስታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባለ ፕሮፔለር መርከብና ባለ መንኰራኵር መርከብ በገመድ አስሮ ባጓተተ ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ አሸነፈ። ፕሮፔለር ከውኃ በታች ሙሉ በሙሉ ስለሚጠልቅ በጭነት መለዋወጥ የሚደርስበት ጕዳት አነስተኛ ነው። እንግዲህ ዐፄ ቴዎድሮስ በዘጌ የገጠማቸው የዘመኑን መሐንዲሶች ሁሉ ያስቸገረው ጥያቄ ነበር።

ጥያቄው ዛሬም አልሞተም። በጣና ላይ በትንሽ ሞተር ጀልባ የሚሠራ ሰው ሞተሩ ላይ የማረጋጊያ ክንፍ ልግጠም ወይስ ልተው ብሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኢጣልያዊው መሐንዲስ ኤንሪኮ ፎርላኒኒ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 በማጆሬ ሐይቅ ላይ በውኃ ውስጥ ክንፎች ጀልባን ከውኃ በላይ ካነሣ ወዲህ ሃይድሮፎይል የሚባለው ጥበብ በዓለም ታውቋል። ለትንሽ ሞተር የሚሸጠው ክንፍ የዚህ ጥበብ ታናሽ ወንድም ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ አየር ወደ ታች እንዳይሳብ ፋብሪካው የሠራው ጠፍጣፋ ሰሌዳ አለ፤ ክንፉ የሚታሰረው በዚያ ላይ ነው። ጀልባው ሲሄድ የሚያልፈው ውኃ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የጀልባው ኋላ ይነሣል፤ አፍንጫው ዝቅ ይላል። ኋላው ለከበደ ትንሽ ጀልባ ይህ ይጠቅማል። ነገር ግን ክንፉ በፍጥነት ጊዜ ውኃ ውስጥ ከቀረ ይጐትታል፤ ኋላውን ከመጠን በላይ ካነሣ አፍንጫው ውኃ ውስጥ ይተከልና መሪው አልታዘዝ ይላል፤ ሰሌዳው የሚበሳ ከሆነም ይደክማል። ስለዚህ አስቀድሞ ጭነቱን ወደ ፊት ማካፈል፣ ሰሌዳው ከጀልባው ታች ጋር እኩል እንዲሆን ሞተሩን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ፣ ዘንበሉንም ማስተካከል ይገባል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኋላው አሁንም የሚሰምጥ ከሆነ ያን ጊዜ ክንፉን ገጥሞ፣ በጭነትም ያለ ጭነትም ሞክሮ መወሰን ነው። ክንፍ የመጨረሻው መድኃኒት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ወደ ንጉሠ ነገሥቱ እንመለስ። የመንኰራኵሩን ወራንታ ዝቅ አድርጎ እንደ ገና መሞከር ይቻል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜና ዐዋቂ ነው። ሁለቱም ግን ከእጃቸው እየወጡ ነበር። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. እነራሳምን በዘጌ አሰሩ፤ በዚያው ወር ሚስዮናዊውን ፍላድን ባለሙያዎችና መኪናዎች እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹም መኪናዎቹም ምጽዋ ድረስ መጡ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ደጋ አልወጡም። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ብዙ ወራት በፈጀ ድካም ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጐተቱ። በሚያዝያ ወር በስቅለት ዕለት በእሮጌ በተደረገው ጦርነት ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና ሲተኰስ ፈነዳ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ።

ብዙ ሰዎች ዐፄ ቴዎድሮስ ከዘመናቸው ቀድመው ተወለዱ ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ምኞታቸው በጊዜው የነበረ ትክክለኛ ምኞት ነው። የጐደለው በቍጣና በሰንሰለት የማይገኘው ነገር ነበር፤ ይኸውም ሳይፈራ መንኰራኵሩ ከፍ ብሏል ብሎ የሚናገር ባለሙያና፣ ይህን ሰምቶ ዛሬ የተበላሸውን ነገ የሚያስተካክል ትዕግሥት ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ወጣት አዲስ መሣሪያ ይገዛ ወይስ ይቅር በሚባልበት ጉባኤ መቀመጡ አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ መሣሪያው ዝና ከመጠየቁ አስቀድሞ ስለሚገጠምበት አካል፣ ስለ ጭነቱና ስለ ውኃው ይጠይቅ። የበታቹ ሠራተኛ ከፍ ብሏል ሲለውም ያድምጥ። ይህን ካደረገ በዘጌ ውኃ ላይ የተደከመው ድካም ከንቱ አልቀረም።